ኤድንብራ ላይ ግማሽ ቀን ቢኖራችሁ፦ ስድስት የእግር መንገዶች ከነፐባቸውና ከነምግብ ቤታቸው ሲነጻጸሩ

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ ትንሽ ከተማ ናት። ከዌቨርሊ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ በአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ተራራም፣ ወንዝም፣ ወደብም ይገኛል። እንግዳ ግራ የሚጋባው ምክሩ ተነጣጥሎ ስለሚደርሰው ነው። የምግብ ቤት ዝርዝር ለብቻ፣ የፐብ (የመጠጥ ቤት) ዝርዝር ለብቻ፣ የእግር ጉዞ ዝርዝር ለብቻ ይሰጠዋል። ሦስቱን በየፊናቸው የመረጠ ሰው ግማሹን ቀን አውቶቡስ ሲጠብቅ ያሳልፈዋል።

ካርታም ያሳስታል። ካውጌት የሚባለው ጎዳና ከሳውዝ ብሪጅ ጋር ካርታ ላይ መስቀለኛ መንገድ ይመስላል፤ ቦታው ሲደርሱ ግን አንዱ በሌላው ሥር ያልፋል፣ ወደ ላይኛው ለመውጣት ደረጃ ወይም ዳገት መፈለግ ግድ ነው። ዲን ቪሌጅም ከዲን ድልድይ 30 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው። “አምስት ደቂቃ” የተባለው ምግብ ቤት አምስት ደቂቃ የሚሆነው ትክክለኛው ከፍታ ላይ ለቆመ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚህ የሚነጻጸሩት ሰፈሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከእግር መንገዱ፣ ከፐቡና ከምግቡ ጋር። መጀመሪያ መንገዱን ምረጡ፣ ምግቡ መንገዱ በሚያልቅበት ቦታ ይሁን። ሰዓቶቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአገሩ አቆጣጠር ናቸው፤ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት ማለት በእኛ 7 ሰዓት ነው።

መለኪያዎቹ

ብርሃን። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በዲሴምበር ግን 3፡40 ላይ ትገባለች። በብርዱ ወራት ምሳ በልቶ ተራራ መውጣት ማለት በጨለማ እርጥብ ድንጋይ ላይ መውረድ ማለት ነው፤ በዚያ ወቅት ጉዞው ይቅደም፣ ምግቡ ይከተል።

አየር። ዝናቡ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ ዶፍ ሆኖ ወርዶ የሚያባራ አይደለም። ካፊያ ነው፣ ከነፋስ ጋር ወደ ጎን ይመጣል፣ ጃንጥላም ይገለብጣል። የሚያዋጣው ቆብ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ነው። በጸደይና በበጋ ደግሞ “ሃር” የሚሉት ጉም ከምሥራቁ ባሕር ይገባል። ሃር በገባ ቀን ከተራራ አናት ላይ የገዛ እግርን ከማየት ያለፈ ነገር የለም፤ ያን ቀን ወደ ወንዙ ሸለቆ መውረድ ነው።

ጾምና ሐላል። ስለ ጾም ለአስተናጋጅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ “ቪጋን” የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል፣ በየምናሌውም ምልክት አለው። ሆኖም ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። በአገሩ ሕግ ማንኛውም ምግብ ቤት 14 የአለርጂ መነሻዎች በምግቡ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን መናገር አለበት። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከ14ቱ መካከል ስለሆኑ እነሱን በተመለከተ የምታገኙት መልስ የተመዘገበ ነው። የሥጋ መረቅና ሞራ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ለብቻ ጠይቁ። ስኮትላንድ ውስጥ ድንቹን በከብት ሞራ የሚጠብሱ የዓሣና ቺፕስ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው የሕንድ ምስር ነው፤ ምስር ስለሆነ ብቻ የጾም አይሆንም፣ ብዙ ጊዜ በቅቤ ይቁላላል።

ለሙስሊም አንባቢ ደግሞ፦ አልኮል የሚገባው በብርጭቆ ብቻ አይደለም። “ስቴክ ኤንድ ኤል ፓይ” በቢራ የበሰለ ነው፤ ሃጊስ በሚባለው የበግ ሆድ ዕቃ ምግብ ላይ የሚፈሰው ክሬም ስጎ ብዙ ጊዜ ውስኪ አለበት፤ መስል የሚባለው ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር ምግብ አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ወይን ይቀቀላል። በስኮትላንድ ቁርስ ላይ የሚቀርበው ጥቁር ክብ ቁራጭ፣ “ብላክ ፑዲንግ”፣ የሚሠራው ከደም ነው። ይህ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑንም ይመለከታል።

ልጆች። ፐብ ልጅ ማስገባት አለማስገባቱ በየቤቱ ፈቃድ ይወሰናል። ጠባብና የድሮ የሆኑት በአብዛኛው ከ18 ዓመት በታች አያስገቡም፤ ምግብ የሚሸጡት ትልልቆቹ ያስገባሉ፣ እነሱም እስከ ምሽት ድረስ ብቻ። በር ላይ ከመመለስ ቀድሞ መደወል ይሻላል።

ገንዘብ። አንድ ፓይንት፣ ማለትም 568 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ በግምት ከ5 እስከ 7 ፓውንድ ነው። የፐብ ዋና ምግብ ከ14 እስከ 20፣ የተማሪ ሰፈር ምግብ ከ12 በታች፣ የሚሼሊን ኮከብ (ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጥ ደረጃ) ያለው ቤት የማታ ሙሉ ምናሌ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 ፓውንድ በላይ በሰው። የቧንቧ ውሃ በጠየቃችሁ ጊዜ በነጻ ይሰጣችኋል፤ መጠጥ የመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ ይህ ግዴታው ነው። ምግብ ቤት ሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ካመጣ፣ ያ በፈቃድ ነው፤ አገልግሎቱ ካልተስማማችሁ እንዲነሳ መጠየቅ ነውር አይደለም።

1. ሆሊሩድ ፓርክ፣ አርተርስ ሲትና ዳዲንግስተን

አንድ ቀን ብቻ ላለው፣ ጉልበቱ ደህና ለሆነና ሰማዩ ጥርት ላለለት ሰው ከስድስቱ የሚቀድመው ይህ ነው። አርተርስ ሲት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ቁመቱ 251 ሜትር። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ለሳንባም አይከብድም። የሚከብደው ነፋሱና የመጨረሻው ድንጋይ ነው።

መውጫው ብዙ ነው፤ ሦስቱን ለዩ። የመጀመሪያው ከሆሊሩድ ቤተ መንግሥት በኩል በቅድስት ማርጋሬት ኩሬ አድርጎ፣ የቅዱስ አንቶኒን ጸሎት ቤት ፍርስራሽ አልፎ፣ ሣር በለበሰው ሸለቆ ቀስ እያለ የሚወጣው ነው። 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው እሱ ነው። ሁለተኛው ከሳልዝበሪ ክራግስ ገደል ጀርባ ገብቶ በድንጋይ ደረጃ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ነው፤ አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ ለመውጫ እንጂ ለመውረጃ አይሆንም። ሦስተኛው ከደንሳፒ ኩሬ በሣሩ ላይ የሚወጣው ነው፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ታክሲ እስከ ኩሬው ድረስ ስለሚያደርስ ወላጆቻቸውን ይዘው ለመጡ ይመቻል፤ ነገር ግን የፓርኩ መንገድ በአንዳንድ ቀናት ለመኪና ይዘጋል፣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በክራግስ ሥር የሚያልፈው ራዲካል ሮድ እ.ኤ.አ. በ2018 ድንጋይ ከተናደበት በኋላ ተዘግቶ የቆየ ነው፤ መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አክብሩ።

ሰው የሚወድቀው አናቱ ላይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ በእግር ብዛት ተወልውሎ ለስልሷል፤ ካፊያ ሲነካው ሶሉ ለጥ ያለ ስኒከር ፈጽሞ አይይዝም። ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፣ ሲወርዱም የመጣችሁበትን የሣር መንገድ ያዙ፤ አቋራጭ የሚመስሉት ቀጫጭን መንገዶች ገደል ላይ ያበቃሉ።

ታችኛው ሜዳ ላይ ትንሽ ቁሙ። እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2008 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የተካሄደው እዚሁ ሆሊሩድ ፓርክ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ጫማው ወልቆ፣ ቆሞ ካጠለቀው በኋላ መሪዎቹን ደርሶ ያሸነፈው በዚህ ሣር ላይ ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በሴቶች፣ ገንዘቤ ዲባባና ኢብራሂም ጄይላን በወጣቶች አሸንፈው አራቱንም የግል ወርቅ ኢትዮጵያ ወሰደች።

ወደ ከተማው ከመመለስ ይልቅ በደንሳፒ በኩል ወደ ዳዲንግስተን መንደር ውረዱ። እዚያ ያለው ሺፕ ሄይድ ኢን ከ1360 ጀምሮ እንደቆየ የሚነገርለት ፐብ ነው፤ ምግብ ያበስላል፣ ከጀርባው በእንጨት ኳስ ዘጠኝ ዘንግ የሚጣልበት የድሮ መጫወቻ አለው፣ እሱን መጫወት ለሚፈልግ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። እሑድ ምሳ ያለ ቀጠሮ መቀመጫ ማግኘት ከባድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ኩሬው ዳር ያለው የዶክተር ኒል የአትክልት ስፍራ ጸጥ ያለ ነው፤ ቢራ ከመያዛችሁ በፊት እዩት። ለመመለስ በ1831 የተከፈተው የኢኖሰንት ባቡር ሐዲድ ዛሬ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ ሜዳ ነው፣ መብራት ባለው ዋሻ አልፎ ሴንት ሌናርድስ ያወጣል። ጠቅላላው ከምግቡ ጋር አምስት ሰዓት ይፈጃል።

2. ዲን ቪሌጅ፣ ስቶክብሪጅና የእጽዋት አትክልት ስፍራ

ለዝናብ፣ ለጉም፣ ለጋሪና ለደካማ ጉልበት የሚሆነው መንገድ ነው፤ ከደረጃዎቹ በስተቀር ሜዳ ነው። ከፕሪንስስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ ጀምሩ። እዚያው ጥግ ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦቶች አንዱ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ተገኝቶ በቀጣዩ ዓመት ወደ አገሩ ተመልሷል። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ይህ ጥግ ከከተማው ሐውልቶች ሁሉ ይበልጥ የሚነገረው ነገር አለው።

ከዚያ በቤልስ ብሬ ቁልቁል ወርዳችሁ ዲን ቪሌጅ ትገባላችሁ፤ የድሮ የወፍጮ መንደር ነው። የሊስ ወንዝን ተከትላችሁ በቶማስ ቴልፎርድ ድልድይ ሥር ስታልፉ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ስቶክብሪጅ ናችሁ። ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ አንዳንዴም በከፊል ይዘጋል። ዲን ቪሌጅ ውስጥ ሰው እንደሚኖር አትርሱ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነዋሪውን አስመርሯል።

እሑድ ከ10 እስከ 4 ሰዓት ድልድዩ አጠገብ ገበያ አለ። በሌላ ቀን ከሬበርን ፕሌስ ሱቆች ዳቦና አይብ፣ ለጾመኛ ደግሞ ፍራፍሬና ሁመስ ገዝቶ ኢንቨርሊዝ ፓርክ ላይ መብላት ከማንኛውም ምግብ ቤት ያነሰ ወጪ አለው፤ የከተማው የድሮ ምሽግ ግንብ (ኤድንብራ ካስል) እይታም ከዚያ ያምራል። ከፓርኩ ማዶ ያለው ሮያል የእጽዋት አትክልት ስፍራ፣ በ1670 የተመሠረተው፣ መግቢያው ነጻ ነው። በብርዱ ወራት 4 ሰዓት ገደማ ስለሚዘጋ ከ2 ሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ይቆጨዋል። ጥሩ የበርሜል ቢራ ለሚፈልግ ስቶክብሪጅ ታፕ በመንገዱ ላይ ነው።

3. ሊስ፣ ወደቡ

የባሕር ምግብ የሚፈልግ ወይም ለልዩ ቀን ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው እዚህ ይሂድ። ትራም እስከ “ዘ ሾር” ጣቢያ ያደርሳል፤ መስመሩ ከአየር ማረፊያው ጀምሮ በ2023 እስከ ኒውሄቨን ተዘርግቷል። ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ መክፈል እንዳትረሱ፣ ውስጥ የሚከፈለው ዋጋ ቅጣት ያህል ነው። በእግር መምጣት የሚሻ ከካነንሚልስ የወንዙን መንገድ ይዞ በአንድ ሰዓት ይደርሳል።

ሁለቱ ስማቸው የገነነ ቤቶች፣ በ1999 የተከፈተው ሬስቶራንት ማርቲን ዊሻርትና በ2006 የተከፈተው ዘ ኪችን፣ ሁለቱም እዚህ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ገንዘብ የሚድነው በምሳ ነው፤ የምሳው ምናሌ ያነሰ ኮርስ ስላለው ከእራቱ በእጅጉ ይረክሳል፣ አብሳዩ ግን ያው ነው። ለቅዳሜ ከሆነ ሳምንታት ቀድማችሁ ያዙ። ሲያዝ የባንክ ካርድ ይጠይቃሉ፤ ሳይነግሩ መቅረት ወይም በመጨረሻው ቀን መሰረዝ ያስከፍላል። ጾም ከሆነ ስትይዙ ተናገሩ እንጂ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ አይሆንም፤ ኮርሶቹ ከጠዋት የተዘጋጁ ናቸው።

መካከለኛ ዋጋ ላይ ፊሸርስ ወንዙ ዳር አለ። ከሌላ ምንም ባትቀምሱ “ከለን ስኪንክ” የሚባለውን ሾርባ ቅመሱ፤ በጭስ የታጠነ ሃዶክ ዓሣ፣ ድንችና ሽንኩርት በወተት ነው። በቀዝቃዛ ቀን ከዳቦ ጋር ምሳ ይሆናል። ቲውክተርስ ላንዲንግ ደግሞ ውሃው ላይ በተንሳፈፈ መድረክ መቀመጫ ያለው ፐብ ነው፤ ፀሐያማ ከሰዓት ላይ ሁሉም ሰው እሱን ስለሚያስብ 4 ሰዓት ሳይሆን ቀድማችሁ ድረሱ።

4. አሮጌው ከተማና የተማሪዎቹ ሰፈር

ሮያል ማይል ላይ አትብሉ። ጎዳናውን በእግር ተመላለሱበት፣ ነገር ግን ኪራዩን የሚከፍሉላቸው ዳግመኛ የማይመለሱ እንግዶች ስለሆኑ ለተመሳሳይ ምግብ ብዙ ታወጣላችሁ። አምስት ደቂቃ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ነገሩ ይለወጣል።

ኒኮልሰን ስኩዌር ላይ ያለው ሞስክ ኪችን ሐላል ነው፣ አልኮል አያስገባም፣ ሩዝና ወጥ በትልቅ ሳህን ያወጣል፤ ለቤተሰብና ለተማሪ ከዚህ የሚሻል ዋጋ በመሀል ከተማ አይገኝም። ኢንፈርመሪ ስትሪት ላይ ያለው ማዘር ኢንዲያስ ካፌ ትንንሽ ሳህን እያመጣ ስለሚያቀርብ ለሁለት ሰው አራት ወይም አምስት ዓይነት አዝዞ መካፈል ነው፤ በአንድ ትሪ መብላት ለለመደ ሰው የሚመች አበላል ነው። አጠገቡ ያለው ሮያል ኦክና ፎረስት ሮድ ላይ ያለው ሳንዲ ቤልስ የባሕል ሙዚቃ ቤቶች ናቸው። ሙዚቀኞቹ መድረክ የላቸውም፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ በዜማ መሀል ጮክ ብሎ ማውራትም ሆነ የእነሱን ወንበር መያዝ ያስቀይማል።

ወሬ ብቻ የሚፈልግ ከቪክቶሪያ ስትሪት ጫፍ ወዳለው ቦው ባር ይግባ። ሙዚቃ የለውም፣ ውስኪው በጣም ብዙ ነው። እዚህ ሰፈር ያለው የእግር መንገድ ሜዶውስ ነው፤ ሜዳ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ በኤፕሪል መጨረሻ የቼሪ አበባ የሚያብብበት።

5. ካልተን ሂልና የአዲሱ ከተማ ምሥራቅ

ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው። ከዋተርሉ ፕሌስ በደረጃው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አናቱ ላይ ናችሁ፤ በ1826 ተጀምሮ ገንዘብ አልቆ 12 ዓምድ ላይ የቆመው ሐውልት እዚያ ነው። ከእሑድና ከአንዳንድ በዓላት በቀር በየቀኑ 1 ሰዓት ላይ ከግንቡ መድፍ ይተኮሳል፤ ሕፃን የያዘ ሰው ቀድሞ ይወቅ። ሲወርዱ ካፌ ሮያልና ጊልድፎርድ አርምስ ጎን ለጎን ናቸው። የመጀመሪያው ግድግዳው ላይ የፈጠራ ሰዎች ምስል ያለባቸው የዶልተን ሸክላዎች አሉት፤ ሁለተኛው ጣሪያው ያምራል፣ የበርሜል ቢራ ምርጫውም ይሰፋል። አርብ ከ5 ሰዓት በኋላ ሁለቱም የቢሮ ሰው ይሞላባቸዋል፤ ጌጡን ለማየት ከምሳ በፊት ግቡ።

6. ክራመንድና ፖርቶቤሎ፣ ባሕሩ

ሁለቱ በከተማው ተቃራኒ ጫፍ ናቸው፣ አንዱን ምረጡ። ወደ ፖርቶቤሎ 26 ቁጥር አውቶቡስ ይሄዳል፤ ሜዳ የባሕር ዳር መንገድ፣ አሸዋ፣ አይስክሬም፤ ልጆች ላሉት ያለ ስጋት።

ክራመንድ ግን ሰዓት ይጠይቃል። 41 ቁጥር አውቶቡስ መንደሩ ያደርሳል። ባሕሩ ሲሸሽ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ የሲሚንቶ ምሰሶዎች በተደረደሩበት መንገድ በእግር ወደ ደሴቲቱ መሻገር ይቻላል። ደኅናው ጊዜ ውሃው ዝቅ ከሚልበት ሰዓት 2 ሰዓት በፊትና 2 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ይለያያል፤ መንገዱ መነሻ ላይ ተለጥፏል። ስህተቱ የሚሠራው ይህን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም ሲሞከር ነው። ውሃው ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፣ ከጎን መሀል መንገዱን ቀድሞ ይሸፍናል፣ ደሴቲቱ ላይ የተቀመጠ ሰውም አያየውም። ዝቅተኛው ሰዓት ከመድረሱ በፊት ተሻገሩ፣ እሱ ካለፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሳችሁ ዳር ሁኑ። ከተዘጋባችሁ በውሃው አትግቡ፤ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) በሉ። ደሴቲቱ ላይ መጠለያም፣ ውሃም፣ መጸዳጃም የለም።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ጠቅላላ ጊዜ | ለእግር | ወጪ በሰው | ጾም/ሐላል | ልጆች | በዝናብ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አርተርስ ሲት–ዳዲንግስተን | 5 ሰዓት | ከባድ | ከ20 እስከ 30 ፓውንድ | መካከለኛ | ከ6 ዓመት በላይ | አይሆንም |
| ዲን–ስቶክብሪጅ | 3 ሰዓት | ቀላል | ከ8 እስከ 20 | ጾም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ይሆናል |
| ሊስ | ከ3 እስከ 4 ሰዓት | ቀላል | ከ25 እስከ ከ100 በላይ | ቀድሞ በመንገር | ምሳ ላይ | ይሆናል |
| አሮጌው ከተማ–ሜዶውስ | 3 ሰዓት | ደረጃ አለው | ከ8 እስከ 25 | ከሁሉም የተሻለ | ምግብ ቤት ብቻ | ይሆናል |
| ካልተን ሂል | 2 ሰዓት | አጭር ዳገት | ከ7 እስከ 25 | ደካማ | ኮረብታው ብቻ | በከፊል |
| ክራመንድ | በባሕሩ ሰዓት | ሜዳ፣ የሚያንሸራትት | ከ5 እስከ 15 | ስንቅ ያዙ | በጥንቃቄ | አይሆንም |

ፐብ ውስጥ የሚያምታታው

የበርሜል ቢራ፣ “ካስክ”፣ ጠላን ለሚያውቅ ሰው ለማስረዳት አይከብድም። እርሾው በርሜሉ ውስጥ ገና ሕያው ነው፣ በጋዝ ተገፍቶ አይመጣም፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ይቀዳል። በረዶ የነካው ቢራ የለመደ ሰው “ሞቋል” ብሎ ያዝናል፤ አልሞቀም፣ እንዲያ ነው የሚጠጣው። ጠላ ጋኑ ከተከፈተ በኋላ እንደሚኮመጥጥ ሁሉ ይህም በርሜሉ ከተከፈተ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት። ስለዚህ አሥር ዓይነት ካለው ባዶ ፐብ ይልቅ ሦስት ዓይነት ያለው ሰው የሞላበት ፐብ የተሻለ ቢራ አለው። ሳታዝዙ ጥቂት ቅምሻ መጠየቅ የተለመደ ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ መልሱት፣ ያለ ክርክር ይቀይሩታል፤ ግማሹን ጠጥቶ መመለስ ግን ደግ አይደለም።

ትእዛዝ ባንኮኒው ላይ ነው፣ ክፍያውም ወዲያው። ጠረጴዛ ይዞ አስተናጋጅ የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ያመሻል። አብረው የመጡ ሰዎች በዙር ይጋብዛሉ፤ እኛ ሒሳብ ሲመጣ “እኔ ልክፈል” እያልን እንደምንታገለው ሳይሆን ተራ በተራ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ተቀብሎ ተራው ሲደርስ የሚሄድ ሰው ይታወሳል። አልኮል የማይጠጣ ሰው ከዙሩ አይወጣም፤ ለስላሳ ወይም አልኮል አልባ ቢራ ይባልለታል፣ ማንም አይጠይቀውም።

ውስኪ የሚለካው በ25 ወይም በ35 ሚሊ ሊትር ነው፤ ቤቱ የትኛውን እንደሚጠቀም ሳታውቁ ዋጋ አታወዳድሩ። መኪና የያዘ ሰው ግን ምንም አይቅመስ። ከ2014 ጀምሮ በስኮትላንድ የሚፈቀደው መጠን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም ነው፤ በእንግሊዝ ካለው 80 ያነሰ ስለሆነ ከለንደን የሚመጡ ወገኖች የሚያውቁት ልክ እዚህ አይሠራም።

ሃጊስ የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተፈጭቶ ከአጃ፣ ከሽንኩርትና ከሞራ ጋር የሚቀቀል ነው። ዱለት የሚወድ ሰው አይደነግጥበትም። ልዩነቱ ለብለብ አይባልም፣ ሙሉ በሙሉ ይበስላል፤ ሚጥሚጣ የለውም፣ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ ነው። ከተፈጨ ድንችና “ኒፕስ” ከሚሉት ቢጫ ሥር ጋር ይቀርባል። ሥጋ የሌለው ሃጊስ ከባቄላ፣ ከምስርና ከአጃ ተሠርቶ በአብዛኛው ፐብ ይገኛል፤ ሃጊሱ የጾም ቢሆንም ድንቹ ውስጥ ቅቤ ስለሚገባ ያለ ቅቤ በሉ።

ለማን የቱ

ከአገር ቤት ወላጆች ከመጡ፦ ዲን ቪሌጅና የእጽዋት ስፍራው፣ ለምሳ ሞስክ ኪችን ወይም ማዘር ኢንዲያስ በታክሲ። ፐብ ይቅር።

በሳምንቱ ጾም ቀን፣ ረቡዕ ወይም አርብ፣ አሮጌው ከተማን ምረጡ፤ በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት አራት አማራጭ ስላለ አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል። ሊስ ለፍስክ ቀን ይቆይ።

20 ፓውንድ ብቻ ይዞ ቀኑን መዋል ለሚፈልግ ተማሪ፦ ጠዋት አርተርስ ሲት፣ ምሳ ኒኮልሰን ስኩዌር፣ ማታ ሳንዲ ቤልስ ላይ ግማሽ ፓይንት ይዞ ሙዚቃ። ግማሽ ማዘዝ አያሳፍርም። አውቶቡስ ላይ በባንክ ካርድ ክፈሉ፤ ሾፌሩ መልስ አይሰጥም።

በኦገስት፣ በፌስቲቫሉ ወር፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ተዉ። ሕዝቡ እዚያ ነው ያለው፤ ስቶክብሪጅና ፖርቶቤሎ ግን እንደ ወትሮው ናቸው።

አምሽታችሁ ከራባችሁ፣ ብዙ ፐቦች እስከ እኩለ ሌሊት ቢቆዩም ወጥ ቤታቸው 9 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። የሚቀረው ዓሣና ቺፕስ ነው። ሻጩ “ሶልት ኤንድ ሶስ?” ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ሶሱ በኮምጣጤ የቀጠነ ቡናማ ስጎ ነው፣ የኤድንብራና የአካባቢዋ ልማድ፤ ግላስጎ ላይ ጨውና ኮምጣጤ ነው የሚባለው። ሳትቀምሱት ከላይ እንዳያፈስባችሁ ዳር ላይ ጥቂት አድርግልኝ በሉት።